ከእንጦጦ ማዶ፦ የአጃ ኩኪስ በሰላሌ መንገድ

አዲስ አበባ ለምንኖር ቤተሰቦች የቅዳሜ ሽርሽር ሲነሳ ቀድሞ አፍ ላይ የሚመጣው ቢሾፍቱ ነው። ጊዜና ነዳጅ የተረፈው ሐዋሳ ይላል። በሰሜን በኩል ከተማዋን ለቅቆ የሚወጣው የጎጃም መንገድ ግን ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም ወይም ወደ ባሕር ዳር ለማለፍ ነው። እስከ ፍቼ ያለው፣ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው ክፍል እንደ መተላለፊያ እንጂ እንደ መድረሻ አይቆጠርም። እኔ ዛሬ ወደዚያው መንገድ ልጋብዛችሁ ነው። ምክንያቴ ትንሽ ያስቃል፤ ኩኪስ ነው። በአጃ፣ በቸኮሌትና በደረቀ ፍራፍሬ እቤት የሚጋገረው ኩኪስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኩኪሱ ሁለት ዋና ዋና ነገሮች፣ አጃና ቅቤ፣ ሁለቱም ከዚያ መንገድ ዳርና ዳር ይወጣሉ። ሰላሌን አብዛኞቻችን የምናውቀው በወተቱ ነው። ከወተቱ ጀርባ ግን አጃ አለ፤ ለከብቱም ለሰውም።

ሽቅብ ወደ እንጦጦ፣ ቁልቁል ወደ ሱሉልታ

ከአዲሱ ገበያ ሽቅብ ሲወጣ ከተማው ቶሎ ይለቃል። ባሕር ዛፉ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይይዘዋል። የማገዶ ሸክም ያጎበጣቸው እናቶች ቁልቁል ሲወርዱ፣ ላብ ያጠመቃቸው ሯጮች ሽቅብ ይወጣሉ። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ከተማችን ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ምድጃ ፊት ስንቆም ያስፈልገናል።

ከጋራው ማዶ የሱሉልታ ሜዳ ይዘረጋል። በመስከረም ሲሄዱ ሜዳው ውኃ ያቆረ አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ያለብሰዋል። እኛ የሄድነው በኅዳር መጨረሻ ስለነበር ወርቃማ ሆኖ ጠበቀን። የታጨደው ድርቆሽ በየማሳው ተከምሯል፤ ጣሪያው ላይ ሌላ መኪና የሚያክል ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ፊታችን እየተንገዳገደ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጫንጮ አለች። ከዚያ ወዲያ በየመንገዱ ዳር የወተት ጣሳ ይዘው መኪና የሚጠብቁ ሰዎች እየበዙ ይመጣሉ። ጠዋት ቡናችን ላይ የምናፈሰው ወተት አንዱ ክፍል ጉዞውን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

መኪና ውስጥ አራት ነበርን፤ ባለቤቴ፣ እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጃችንና እማዬ። እማዬ የተወለደችው ከሙከ ጡሪ ገባ ብላ ባለች ገጠር ነው። ወንድሟ እዚያው ስላለ ለመጠየቅ ነው የመጣችው። ኩኪሱ የእኔ ጉዳይ ነው።

እቤት የማይገባ እህል

አጃ እማዬ ቤት አይገባም። ይህን ያወቅሁት ልጄን የወለድኩ ጊዜ ነው። የጎረቤታችን እናት የአጃ አጥሚት በፔርሙስ ይዘውልኝ ሲመጡ እማዬ በፈገግታ ተቀብላ፣ እሳቸው ሲወጡ ለእኔ የገብስ አጥሚት አቀረበችልኝ። በየዓመቱ በረመዳን ከጎን ቤት የሚመጣልንን የአጃ ሾርባ ሁላችንም ስንሻማበት እሷ አትቀምሰውም። «አልወደውም» ትላለች፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቃት የለም።

በዚህ ዓመት ግን ሁለት ነገር ገጠመ። አንደኛ፣ የልጄ ትምህርት ቤት የታሸገ ብስኩትና ከረሜላ በምሳ ዕቃ እንዳይላክ ለወላጆች አሳወቀ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖረው እህቴ ለልጆቿ የምትጋግረውን የአጃ ኩኪስ አሠራር ላከችልኝ። ሁለተኛ፣ የእማዬ ኮሌስትሮል ከፍ ማለቱ በምርመራ ታየና ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ጋር አመጋገቧን እንድታስተካክል መከራት። ከዘረዘረላት ምግቦች መጀመሪያው አጃ ነበር። እማዬ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ በዚያው ቀረ።

ሐኪሙ የተናገረው አዲስ ነገር አይደለም። አጃ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል በውኃ የሚሟሟ አሰር አለ፤ አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ሆኖ ኮሌስትሮልን ይዞ ይወጣል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1997 የአጃ ምርቶች ይህን ጥቅም በማሸጊያቸው ላይ እንዲጽፉ ፈቅዷል፤ መነሻው በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን ነው። በሥራዬ የማርኬቲንግ ባለሙያ እንደመሆኔ ያ ፈቃድ ምን እንዳደረገ ይገባኛል። የድሃ እህል የነበረው በአንድ ጊዜ ቆርቆሮ ለብሶ፣ የልብ ሥዕል ተለጥፎበት የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ወጣ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ባሕር ተሻግሮ የመጣውን ጣሳ ከእህል በረንዳው አጃ አጠገብ አስቀምጣችሁ ዋጋቸውን ብታነጻጽሩ፣ ልዩነቱን ለማየት ካልኩሌተር አያስፈልጋችሁም።

እማዬ ምክንያቷን የነገረችን ጫንጮን ካለፍን በኋላ ነው። ልጄ በመስኮት እያየች «እማማ፣ ይሄ ስንዴ ነው?» ብላ ጠየቀቻት።

«አጃ ነው» አለች እማዬ። «ዘለላው ሲንጠለጠል አይታይሽም? የስንዴ ራስ ቀጥ ይላል።»

ዝም ብላ ቆየችና ቀጠለች። ሰባተኛ ክፍል ፍቼ ተከራይታ ስትማር ከቤት የሚላክላት የአጃ እንጀራ ነበር። መረሬው ውኃ ሲያቁር፣ ውርጩ ሲመታ ስንዴው አይሆንም፤ ገብሱም ያንሳል። አጃ ግን ብዙ ሳያስቸግር ይበቅላል። የከተማ ልጆች ምሳዋን አይተው «የፈረስ ቀለብ» ብለው ሳቁባት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳዋን የምትበላው ከክፍሉ ጀርባ ነበር።

«ቆመሽ?» አለቻት ልጄ።

«ቆሜ።»

የፈረስ ቀለብ

ይህ ስድብ ሰላሌ ላይ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1755 የታተመው የሳሙኤል ጆንሰን የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አጃን ሲፈታ፣ በእንግሊዝ ለፈረስ የሚሰጥ፣ በስኮትላንድ ግን ሕዝቡን የሚመግብ እህል ነው ብሎ ጎረቤቶቹን ነካ አድርጓል። ስኮትላንድም እንደ ሰላሌ ብርድና ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው፤ ስንዴ የሚያስቸግርበት፣ አጃ የሚስማማበት። ገንፏቸው አጃ ነው፤ ምጣድ ላይ የሚጋግሩት ስስ ቂጣ አጃ ነው።

ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ስኮትላንዳውያን አጃቸውን ይዘው ሄዱ። እዚያ ከስኳርና ከቅቤ ጋር ተገናኝቶ ኩኪስ ሆነ። ፋኒ ፋርመር እ.ኤ.አ. በ1896 ባሳተመችው የቦስተን የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ የአጃ ኩኪስ አሠራር አለ። ቸኮሌቱ ዘግይቶ ነው የመጣው። በማሳቹሴትስ፣ ዊትማን ከተማ ቶል ሀውስ የተባለ የእንግዳ ማረፊያ ከባለቤቷ ጋር ትመራ የነበረችው ሩት ዌክፊልድ በ1930ዎቹ መጨረሻ ቸኮሌት ቆራርጣ ኩኪስ ሊጥ ውስጥ ጨመረች፤ አሠራሩም አሜሪካን አዳረሰ። ዛሬ በእህቴ ቤት አጃው፣ ቸኮሌቱና ዘቢቡ አንድ ላይ የሚገኙት በዚህ መንገድ ተጉዘው ነው።

ይህን ለእማዬ ነገርኳት። የስኮትላንዱን ስትሰማ ሳቀች። «ፈረስም ይበላዋል፣ ሰውም ይበላዋል» አለች፤ «የሚያፍርበት ሰው ብቻ ነው።»

ሙከ ጡሪ

ሙከ ጡሪ ከአዲስ አበባ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። የገበያ ቀን ሲሆን የመኪናው መንገድ ዳር ሁሉ ሰው ነው፤ በግ የሚጎትተው፣ አህያ የሚነዳው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቅቤ የያዘችው። እህሉ መሬት ላይ በተዘረጋ ማዳበሪያ ላይ ተቆልሎ በጣሳና በኪሎ ይሸጣል። ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፤ ወደ ዳር ደግሞ አጃ።

መኪና ውስጥ እቆያለሁ ያለችው እማዬ አልቆየችም። አንዲት አዛውንት ሻጭ ፊት ቆሜ ዋጋ ስጠይቅ ከኋላዬ መጥታ በኦሮምኛ ሰላምታ ጀመረች። ሰላምታው ረዘመ፤ የማን ልጅ፣ የየት አገር፣ ማን አለ፣ ማን ሞተ። ሴትየዋ የእማዬን አባት ያውቋቸዋል። እማዬ አጎንብሳ ከክምሩ እፍኝ ዘገነች፤ መዳፏ ላይ አሸት አሸት አድርጋ እፍ አለችበት። ገለባው ሄደ፤ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰበረቻት።

«ይህ የዘንድሮ ነው» አለችኝ። «ፍሬው ሲሰበር ነጭ ከሆነና ዱቄቱ ምላስ ላይ ጣፈጥ ካለ ጥሩ ነው። ከመረረሽ ከርሟል፤ ተይው።»

ከዚህ ምክር ጀርባ ሳይንስም አለ፤ አጃ ከሌሎች እህሎች ይልቅ ቅባት ስላለው ሲቆይ ይሻግታል። ዱቄቱም እንዲሁ። ስለዚህ በብዛት አትግዙ፤ በወር የሚያልቅ ይበቃል። ጊዜ ለሌለው እዚያው ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት አካባቢ ተፈትጎ የተከካውንና የተፈጨውን ማግኘት ይቻላል።

ቅቤው በቅጠል ተጠቅልሎ ነው የሚቀርበው። ለኩኪስ የሚሆነው ለጋው ብቻ ነው፤ መካከለኛውና የበሰለው ለወጥ እንጂ ለጣፋጭ አይሆንም፤ ሽታው ቸኮሌቱን ያሸንፈዋል። ጣታችሁ ላይ ቀባ አድርጋችሁ አሽትቱት፤ የወተት ሽታ ካለውና ሲታሹት ሳይጓጉል ከቀለጠ ውሰዱ። እቤት ስትደርሱ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቡትና አጥልሉት፤ የቀረው አሬራ ሲወጣ ኮምጠጥ ማለቱ ይቀንሳል።

አጎቴ ቤት ምሳ በላን። እርጎ ቀረበ፣ የገብስ ቆሎ ቀረበ። ስንወጣ የአጎቴ ሚስት ለእማዬ በፌስታል አንድ ነገር አስያዘቻት። መኪና ውስጥ ከፍተን ስናየው የተቆላ የአጃ ዱቄት ነበር። እማዬ ቋጠረችውና ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ቀሪው ከመርካቶ

የደረቀውን ፍራፍሬ ለማግኘት ሰላሌ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ተምርና ዘቢብ መርካቶ ሞልቷል፤ በተለይ ወደ ረመዳን ሲጠጋ ተምሩ በዓይነት በዓይነቱ ይደረደራል። በአገራችን አፋር፣ በአሳይታ አካባቢ ተምር ይመረታል፤ ገበያ ላይ የሚበዛው ግን ከዓረብ አገራት የሚመጣው ነው። ለኩኪስ ለስላሳውን ምረጡ፤ በጣም የደረቀውን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ መዘፍዘፍ ይበቃል። ዘቢብን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ለቅዱስ ቁርባን የሚቀርበው ከዘቢብ የሚጨመቅ ነውና። በልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ደግሞ የስኳርን መጠን ለመቀነስ የሚረዳ ጓደኛ ነው።

ቸኮሌት ስትገዙ ማሸጊያውን አዙራችሁ አንብቡ። ይህን እንደ ሥራ ባልደረባ ምክር ውሰዱልኝ፤ እውነቱ የሚጻፈው ከጀርባ ነው። ከዘረዘራቸው ነገሮች መጀመሪያው ስኳር፣ ሁለተኛው የአትክልት ዘይት ከሆነ ከካካዎ ይልቅ ቀለምና ጣፋጭ ነው የምትገዙት። የካካዎ ቅቤ የሚል ፈልጉ። ጥቁሩ ከወተታሙ ይሻላል፤ ተምሩ ጣፋጭ ስለሆነ መረር ያለው ያመዛዝነዋል። 80 ግራም ለአንድ ምድጃ ይበቃል፤ ውድ ስለሆነ በስሱ ከትፋችሁ ብትበትኑት ለሁሉም ይዳረሳል።

የከፍታው ጉዳይ

አሁን ያስያዝኳችሁን ቁጥር መልሱልኝ፤ 2,400 ሜትር። የእህቴ አሌክሳንድሪያ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከባሕር ጠለል ብዙም ያልራቀች ከተማ ናት። እዚያ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል፤ እዚህ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ። የአየሩ ግፊትም በሩብ ያህል ያንሳል። ለዚህ ነው ከውጭ መጽሐፍ ተገልብጦ የሚሠራ ኩኪስ እዚህ ምድጃ ውስጥ እንደ ቂጣ የሚነጠፈው። ቤኪንግ ሶዳው የሚያወጣው አየር በቀላሉ ይነፋል፤ ከዚያ ተነፍቶ ይወድቃል። ውኃው ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይበዛበትና ሊጡ ይፈስሳል፤ ዳሩ ሲቃጠል መሐሉ እርጥብ ይሆናል።

መፍትሔው አራት ነው። ሶዳውን በግማሽ ቀንሱ። ስኳሩን ቀንሱ። ዱቄቱን ትንሽ ጨምሩ። የምድጃውን ሙቀት በ10 ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጋችሁ ደቂቃውን አሳጥሩ። አምስተኛ ልጨምር ብል፣ ሊጡን ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማሳረፍ ነው፤ ቅቤው ሲጠነክር ኩኪሱ ቅርጹን ይይዛል።

እማዬ ደግሞ የራሷን ጨመረች። እሑድ ከሰዓት እኔ ስለካ፣ ልጄ ተምር ስትከትፍ፣ እሷ ወንበር ስባ እያየች ነበር። ኩኪሱ ከምድጃ ሲወጣ አንዱን ቆረሰች። ለመጀመሪያ ጊዜ አጃ ስትበላ አየኋት። አኘከች፤ ቆየች።

«ጥሬ ጥሬ ይላል» አለች። «አጃ ሳይቆላ አይበላም። ያንን ዱቄት አምጪው።»

ሁለተኛውን ዙር የአጎቴን ሚስት የተቆላ ዱቄት ከስንዴው ጋር ቀላቅለን ጋገርን። ቤቱን የሞላው ሽታ የቆሎና የካራሜላ ነበር። ከእህቴ አሠራር የተሻለ ነው፤ ለእሷም በስልክ ነግሬያታለሁ።

ኩኪስ መድኃኒት እንዳልሆነ ልንገራችሁ፤ ስኳርና ቅቤ አለበት፤ ለልጅ ቁርስ ማሟያ እንጂ ለኮሌስትሮል የሚታዘዝ አይደለም። የእማዬ ድርሻ ሌላ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የአጃ አጥሚት ራሷ ታማታለች፤ ያለ ስኳር። ሰኞ ዕለት ደግሞ የልጄን ምሳ ዕቃ የቋጠረችው እሷ ናት። ሦስት ኩኪስ አደረገችላትና «ለጓደኞችሽም ስጪ፤ ምንድን ነው ካሉሽ አጃ ነው በያቸው» አለቻት።

አሠራሩ (ለ24 ኩኪስ፣ በአዲስ አበባ ከፍታ)

የሚያስፈልጉ፦ 115 ግራም ታጥቦ የጠለለ ለጋ ቅቤ (ወይም ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ)፤ 100 ግራም ስኳር፤ 1 እንቁላል፤ 1 የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፤ 110 ግራም የስንዴ ዱቄት፤ 50 ግራም የተቆላ የአጃ ዱቄት፤ 130 ግራም ጠፍጣፋ አጃ (ሱፐርማርኬት ኦትስ የሚባለው)፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፤ 80 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት፤ 80 ግራም ፍሬው ወጥቶ የተከተፈ ተምር፤ 40 ግራም ዘቢብ፤ እንደ አስፈላጊነቱ 1 ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት።

1. ቅቤውንና ስኳሩን ነጣ እስኪል ምቱ። እንቁላሉንና ቫኒላውን ጨምራችሁ አዋህዱ።

2. ሁለቱን ዱቄት፣ ሶዳውን፣ ጨውንና ቀረፋውን ለብቻ ቀላቅላችሁ ጨምሩ። አጃውን፣ ቸኮሌቱንና ፍራፍሬውን አስከትሉ። ሊጡ ከተፈረካከሰ ወተት ጠብ አድርጉበት።

3. ፍሪጅ ውስጥ 30 ደቂቃ አሳርፉ። ምድጃውን 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቁ።

4. በሾርባ ማንኪያ እየቆነጠራችሁ አድቦልቡሉ፤ ትሪ ላይ አራርቃችሁ ደርድሩና በመዳፋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ይህ የልጆች ሥራ ነው።

5. ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ጋግሩ። ዳሩ ቡኒ ሲሆን መሐሉ ገና ለስላሳ ቢመስልም አውጡት፤ ትሪው ላይ አምስት ደቂቃ ሲቆይ ይጠነክራል።

በደንብ በሚከደን ዕቃ አንድ ሳምንት ይቆያል። ሊጡን አድቦልቡላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ካስቀመጣችሁት ደግሞ መብራት ባለበት ምሽት እየቆነጠራችሁ መጋገር ትችላላችሁ።

ለመንገዱ

በጠዋት ተነሱ፤ ሱሉልታን ሳይጨናነቅ ማለፍ ይሻላል። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ወቅታዊ ሁኔታና የገበያውን ቀን እዚያ የሚኖር ሰው ጠይቁ። ለልጆች ሹራብ ያዙ፤ ፀሐይ እያለም ነፋሱ ይበርዳል። ለቅቤው ክዳን ያለው ዕቃ፣ ለእህሉ ንጹሕ ከረጢት አትርሱ። ዝርዝር ብርም ያዙ። ከቤተሰባችሁ ያንን አገር የሚያውቅ ትልቅ ሰው ካለ ደግሞ የፊት ወንበሩን ልቀቁለት፤ ስንዴውን ከአጃው የሚለይላችሁ እሱ ነው።